ተሰብሮ የተጠገነው ጂን፦ የኖች2ኤንኤል ጉዳይ

ነገሩ የሚጀምረው ከሜትር ነው። ልብስ ሰፊ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ዓይነት ለስላሳ ሜትር። የሕፃናት ሐኪም ሜትሩን ከቅንድብ ከፍ አድርጎ በግንባሩ ላይ፣ ከዚያም ከኋላ ጎላ ባለው የጭንቅላቱ ክፍል ላይ ያዞረዋል። ቁጥሩን ካርዱ ላይ ይጽፋል። እናት ብዙውን ጊዜ የምትጠይቀው ክብደቱን ነው፤ "ስንት ኪሎ ሆነ?" የጭንቅላቱን ዙሪያ የሚጠይቅ ወላጅ አላጋጠመኝም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የራስ ቅል የሚያድገው ውስጡ ያለው አንጎል ሲገፋው ነው። ሜትሩ አጥንቱን ቢለካም የሚነግረን ስለ አንጎሉ ነው።

በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሄዘር ሜፎርድ እና ኢቫን አይክለር ከብዙ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የ5,218 ሕሙማንን ዲኤንኤ መረመሩ። ሕሙማኑ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም ወይም አብሯቸው የተወለደ የአካል ችግር ያለባቸው ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ 25ቱ ከክሮሞዞም 1 ላይ ያው አንድ ቁራጭ ጎድሏቸው ተገኙ። የቁራጩ ርዝመት 1.35 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ያህል ነው። ለማነጻጸር ከታዩት 4,737 ሰዎች ውስጥ ግን ይህ ቁራጭ የጎደለው አንድም ሰው አልተገኘም። ይኸው ቁራጭ ትርፍ ሆኖ የተገኘባቸው ዘጠኝ ልጆችም ነበሩ።

በዚያው ዓመት በሂውስተን፣ በቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ያለ ቡድን የጭንቅላቱን ልክ ይዞ መጣ። ቁራጩ የጎደላቸው ልጆች ጭንቅላት ከእድሜያቸው ያነሰ ሆኖ ይታያል። ትርፍ ያላቸው ልጆች ጭንቅላት ደግሞ ይተልቃል።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ሁላችንም ሁለት ክሮሞዞም 1 አለን፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። ስለዚህ ያ ቁራጭ በአብዛኞቻችን ዘንድ ሁለት ነው። ሲጎድል አንድ ይቀራል፤ ሲተርፍ ሦስት ይሆናል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጭንቅላቱም ቁጥሩን ተከትሎ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። በዘረመል ሕክምና እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ብዙ ጊዜ አይገኝም። እዚያ ቁራጭ ውስጥ ወይም ጠርዙ ላይ፣ መጠኑ ሲለዋወጥ የአንጎልን እድገት አብሮ የሚለዋውጥ ነገር አለ ማለት ነው።

ቦታው በሐኪሞች ቋንቋ 1ኪው21.1 ይባላል። የክሮሞዞም 1 ረጅሙ ክንድ ላይ ነው። ችግሩ ታወቀ፤ ቦታውም ታወቀ። የትኛው ጂን እንደሆነ ለመጠርጠር ግን አሥር ዓመት ፈጀ። ምክንያቱ ደግሞ አንባቢ የማይጠብቀው ዓይነት ነው፦ ካርታው ስህተት ነበረበት።

ያልተነበበው ገጽ

የሰው ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤው ጽሑፍ በሙሉ፣ ተነቦ አለቀ የተባለው በ2003 ነው። እውነቱን ለመናገር አላለቀም ነበር። ብዙ ክፍተት ቀርቶ ነበር፤ ከአስቸጋሪዎቹ ቦታዎች አንዱም ይኸው የክሮሞዞም 1 አካባቢ ነው።

ለምን አስቸገረ? አንድ የብራና መጽሐፍ አስቡ። ቁም ጸሐፊው አንዱን ምዕራፍ በስህተት ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ ገልብጦታል። በቅጂዎቹ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ አንድ ፊደል፣ እዚያ አንድ ነጥብ ነው። አሁን መጽሐፉን በየመስመሩ ቆራርጣችሁ ከረጢት ውስጥ አቀላቅሉትና እንደገና ለመገጣጠም ሞክሩ። የሌላው ምዕራፍ መስመር ቦታውን በቀላሉ ያገኛል። የተደጋገመው ምዕራፍ መስመር ግን ከየትኛው ቅጂ እንደመጣ ማን ያውቃል? ዲኤንኤ የሚነበበው በዚያ ዘመን እንዲህ በቁርጥራጭ ነበር። ስለዚህ በ1ኪው21.1 ያሉ ድግግሞሾች አንዳንዶቹ ተደርበው አንድ ተደረጉ። አንዳንዶቹ ያለ ቦታቸው ተሰኩ። አንዳንዶቹም ጭራሽ ተዘለሉ።

ነገሩን የሚያባብስ ሌላም አለ። የእናትና የአባት ቅጂዎች ራሳቸው ትንሽ ይለያያሉ። ስለዚህ አንድ የፊደል ልዩነት ሲገኝ፣ ከእናትና ከአባት ልዩነት የመጣ ይሁን ወይስ ከድግግሞሽ የመጣ፣ መለየት አይቻልም።

መውጫው የተገኘው ካልታሰበ ቦታ ነው። ሐኪሞች "ሞላር" የሚሉት ጤናማ ያልሆነ እርግዝና አለ። ሽል ሳይፈጠር በማሕፀን ውስጥ ሌላ ነገር ያድጋል። ለወላጅ ከባድ ሐዘን ነው። ከእንዲህ ያለ እርግዝና የተወሰዱ አንዳንድ ሴሎች ግን ለየት ያለ ባሕርይ አላቸው፦ የእናት ዲኤንኤ የለባቸውም፤ ያላቸው የአባት ብቻ ነው፤ እሱም ራሱን ደግሞ ሁለት የሆነ። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ልዩነት ከተገኘ የድግግሞሽ ልዩነት ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። ተመራማሪዎች በእነዚህ ሴሎች እየተመሩ ያንን የክሮሞዞም 1 ክፍል እንደገና ገጣጠሙት። የታረመው ካርታ በ2013 መጨረሻ ወጣ።

በታረመው ካርታ ላይ ኖች2ኤንኤል የሚባሉ የሚመሳሰሉ ጂኖች ትክክለኛ ቦታቸውን ያዙ። በልጆቹ ላይ በሚጎድለውና በሚተርፈው ቁራጭ ግራና ቀኝ፣ ልክ ጠርዙ ላይ።

ዝንጀሮው ያልነበረው ስም

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ ካሊፎርኒያ ይሄዳል። በሳንታ ክሩዝ የዴቪድ ሃውስለር ቤተ ሙከራ በ2000 የሰውን ጂኖም የመጀመሪያ ንባብ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ሰው በነፃ የለቀቀው ቡድን ነው። ዓመታት አልፈው ይኸው ቡድን የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ የአንጎል ቅርፊት፣ ማለትም የላይኛው ሽፋኑ፣ ገና ሲሠራ፣ በሰው ላይ ብቻ የሚሠራ ጂን አለ?

ጽንስ ላይ ይህን መሞከር አይቻልም። ስለዚህ ስቴም ሴሎችን፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችሉ ሴሎችን፣ በሳህን ላይ አሳደጉ። አንዱ ሳህን የሰው ነው፤ ሌላው የሪሰስ ዝንጀሮ። ሴሎቹ ትክክለኛው ምግብና ሁኔታ ሲሰጣቸው ተሰባስበው ትንሽ ኳስ ይሠራሉ፤ ኦርጋኖይድ ይባላል። አያስብም፤ አንጎልም አይደለም። ግን የአንጎል ቅርፊት ሲጀመር የሚያልፍበትን መንገድ የተወሰነ ያህል ይከተላል። ፍራንክ ጃኮብስ፣ ሶፊ ሳላማ እና ባልደረቦቻቸው በየሳምንቱ የትኛው ጂን እየሠራ እንደሆነ ከሁለቱም ወገን መዘገቡ። መዝገቡን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት በሰው በኩል ያለ፣ በዝንጀሮው በኩል አቻ የሌለው ስም ወጣ። ኖች2ኤንኤል።

በኦራንጉታን ፈለጉት፤ የለም። በጎሪላና በቺምፓንዚ ፈለጉት። እዚያ ስብርባሪው አለ። የተቆረጠ፣ ከሌላ ጂን ቁራጭ ጋር በማይሆን መንገድ የተጣበቀ፣ የሚሠራ ፕሮቲን የማይሰጥ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ዋናው ጂን፣ ስለ ኖች2 ልናገር። ኖች የሚለው ስም የመጣው ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ከተጠና የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ጂኑ የተበላሸበት ዝንብ የክንፉ ጠርዝ ተሸርፎ ይታያል፤ ኖች ማለትም ሸራፋ፣ ጎድጎድ ያለ ማለት ነው። ይህ የጂን ቤተሰብ እጅግ ጥንታዊ ነው። በዝንብም፣ በዓሣም፣ በሰውም አለ። ሥራው በጎረቤት ሴሎች መካከል መልእክት መቀበል ነው። በአንጎል ውስጥ ሲሆን መልእክቱ በግርድፉ "ገና ነው፣ ቆይ" የሚል ነው።

የእኛ፣ የቺምፓንዚና የጎሪላ የጋራ ቅድመ አያት በነበረበት ዘመን፣ ጸሐፊው የኖች2ን መጀመሪያ ብቻ ገልብጦ ቀሪውን ተወው። ግማሽ ቅጂ። የማይሠራ። ጎሪላና ቺምፓንዚ ይህን የማይረባ ቅጂ እስከ ዛሬ ተሸክመውታል። በእኛ የዘር ሐረግ ግን አንድ ነገር ሆነ። ሴል ዲኤንኤው ሲጎዳበት የሚመስል ጽሑፍ ፈልጎ እያየ ይጠግናል፤ ገጹ የተበላበት ጸሐፊ ከሌላ ደብር ያንኑ መጽሐፍ አስመጥቶ እንደሚሞላው ማለት ነው። አንድ ቀን ሴሉ ሲጠግን ያየው ዋናውን ኖች2 ነበር። ከዋናው የተገለበጠው ክፍል በስብርባሪው ላይ ተተካ። የሞተው ጂን ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ተባዛ። ዛሬ በ1ኪው21.1 ሦስት የሚሠሩ ቅጂዎች አሉ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብለዋል። ከዋናው ኖች2 አጠገብ የቀረ አንድ የማይረባ ቅጂም አለ።

ድንቅነሽስ?

ጥገናው የተካሄደው ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ ተመራማሪዎቹ የፊደል ልዩነቶቹን ቆጥረው ገምተዋል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ቁጥር ሲሰማ ወዲያው የሚያስበውን አውቃለሁ። እኔም ያሰብኩት እሱን ነው። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እድሜ አላት። የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ሰላም ደግሞ 3.3 ሚሊዮን። ሁለቱም ልክ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይወድቃሉ።

የሰላም ነገር ይበልጥ ያስደንቀኛል። የራስ ቅሏ ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል በሚገኝ ኃይለኛ የኤክስሬይ ተቋም ውስጥ ተነሣ። ገና ካልበቀሉት ጥርሶቿ ውስጥ ያሉ የእድገት መስመሮች ተቆጥረው፣ ስትሞት ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ እንዳልሞላት ታወቀ። በ2020 የወጣው ውጤት ሁለት ነገር ይላል። የአንጎሏ አወቃቀር የቺምፓንዚ ዓይነት ነው። እድገቱ ግን ዝግ ያለ ነበር፤ በዚያ እድሜዋ አንጎሏ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ረጅም ልጅነት በእሷ ዘመን ተጀምሯል ማለት ነው። መጠኑ ግን ገና አልመጣም። የእነድንቅነሽ ወገኖች አንጎል ከቺምፓንዚ ብዙ አይበልጥም ነበር፤ የእኛ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ትልቁ እድገት የመጣው ከእነሱ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። "የአንጎላችን ጂን አፋር ላይ ተጠገነ" የሚል ርዕስ ለማውጣት ይማርካል። እኔ አልጽፈውም። እስካሁን ከሰው ወገን የተነበበው ጥንታዊው ዲኤንኤ ከስፔን ዋሻ የተገኘ ሲሆን እድሜው 430 ሺህ ዓመት ያህል ነው። ከ3 ሚሊዮን ዓመት አጥንት ዲኤንኤ አይወጣም፤ በአፋር ሙቀት ደግሞ ጭራሽ። ሰላም የተጠገነውን ጂን ትያዝ አትያዝ ከአጥንቷ ማንበብ አይቻልም። በእርግጠኝነት የሚባለው ከምድር የጠፉት የቅርብ ዘመዶቻችን፣ ኒያንደርታሎችና ዴኒሶቫኖች፣ እንደያዙት ነው፤ ጂኖማቸው ተነቧልና። ስለዚህ ጥገናው ከእነሱ ከመለየታችን በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ዜናዎች፣ የአጥንቱና የጂኑ፣ በአንድ ዘመን ላይ መገናኘታቸው ግን የሚያስደስት ነገር ነው። ደስታውን ሳናጋንን መያዝ እንችላለን።

የዘር እህል

ለመሆኑ ይህ ጂን ምን ይሠራል? የአንጎል ቅርፊት የሚሠራው "እናት ሴል" ልንላቸው ከምንችል፣ እየተከፈሉ ሌሎች ሴሎችን ከሚያስገኙ የጽንሱ ሴሎች ነው። እናት ሴል ስትከፈል ሁለት ምርጫ አላት። ወይ እንደ ራሷ ያሉ እናት ሴሎች ትሰጣለች፤ ወይ ወደ ነርቭ ሴልነት የሚለወጥ ልጅ ትወልዳለች። ነርቭ ሴል ከሆነ በኋላ መከፈል የለም። አለቀ።

ገበሬ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ያመረተውን ሁሉ ዘንድሮ የበላ ሰው ለከርሞ የሚዘራው የለውም። ከምርቱ ብዙውን ለዘር ያስቀረ ሰው ለጊዜው ጎተራው ይሳሳል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ማሳው ሰፍቶ ምርቱ ይትረፈረፋል። የኖች መልእክት "ለዘር አስቀር" ነው። ኖች2ኤንኤል ደግሞ ያንን መልእክት ያጠነክረዋል። እናት ሴሎቹ ትንሽ ይቆያሉ፤ ይበዛሉ፤ ነርቭ ሴሎቹ ዘግይተው ግን በብዛት ይመጣሉ። በአይጥ የቅርፊቱ ነርቭ ሴሎች ተወልደው የሚያልቁት በሳምንት ገደማ ነው። በሰው ከሦስት ወር በላይ ይወስዳል። ዛሬ የአንድ አዋቂ ሰው የአንጎል ቅርፊት 16 ቢሊዮን ያህል ነርቭ ሴል አለው።

ይህ በወሬ አልቀረም፤ ተሞክሯል። የሳንታ ክሩዙ ቡድን በክሪስፐር መቀስ ኖች2ኤንኤልን ከሰው ስቴም ሴሎች ቆርጦ አወጣ። ከእነዚህ ሴሎች ያደጉት ኦርጋኖይዶች ቶሎ በሰሉ። ነርቭ ሴሎቹ ቀድመው መጡ፤ ኳሶቹ ግን አነሱ። በተቃራኒው ጂኑን በአይጥ ኦርጋኖይድ ውስጥ ሲያስገቡት ብስለቱ ዘገየ። ቶሎ የበሰለ ትንሽ፣ የዘገየ ትልቅ።

በዚያው ጊዜ ብራስልስ ላይ ፒየር ቫንደርሃገን እና ኢኩኦ ሱዙኪ በሌላ መንገድ እየመጡ ነበር። እነሱ የጀመሩት ከዝርዝር ነው። በሰውና በቅርብ ዘመዶቹ የተባዙ ጂኖችን ይዘው፣ በሰው ጽንስ የአንጎል ቅርፊት ውስጥ የሚሠሩትን ለዩ። 35 ጂኖች ቀሩ። ከእነዚህ ውስጥ እናት ሴሎችን በማብዛት ጎልቶ የወጣው ኖች2ኤንኤል ቢ ሆነ። አሠራሩንም አሳዩ። ዴልታ የሚባል ፕሮቲን አለ። ከጎረቤት ሲመጣ ኖችን ያነቃዋል፤ በገዛ ሴሉ ውስጥ ሲሆን ግን ኖችን ያፍነዋል። ኖች2ኤንኤል ይህን አፋኝ ይይዘዋል። ኖችም ይለቀቃል።

ሁለቱ ጽሑፎች ሜይ 31 ቀን 2018 ሴል በተባለው መጽሔት ላይ ጎን ለጎን ወጡ። ሁለት ቤተ ሙከራ፣ ሁለት መንገድ፣ አንድ ጂን። እኔ በሳይንስ ዜና ላይ እምነቴን የምጥለው እንዲህ ዓይነቱን ሳይ ነው።

በ1975 ሜሪ ክሌር ኪንግ እና አለን ዊልሰን አንድ ሐሳብ አቅርበው ነበር። የሰውና የቺምፓንዚ ፕሮቲኖች እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ጂኖች መቼና ምን ያህል እንደሚሠሩ ከሚወስነው ነገር መሆን አለበት አሉ። የኖች2ኤንኤል ጉዳይ ለዚህ ሐሳብ ጥሩ ምስክር ነው። ከዝንብ ጀምሮ የነበረውን የኖች መልእክት ለሰው ማንም አልፈጠረለትም። የተለወጠው ጉልበቱና ቆይታው ነው። ብዙ ጊዜ "ከቺምፓንዚ የምንለየው 1.2 በመቶ ብቻ ነው" ሲባል እንሰማለን። ያ ቁጥር ነጠላ ፊደል ከነጠላ ፊደል ሲነጻጸር ነው። የተባዙና የጎደሉ ቁራጮችን አይቆጥርም፤ ይህ ጂን ደግሞ ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

ዋጋው

አሁን ወደ ልጆቹ እንመለስ። ሦስቱ የኖች2ኤንኤል ቅጂዎች ከ99 በመቶ በላይ ይመሳሰላሉ። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲሠራ፣ ከእናትና ከአባት የመጡት ሁለት ክሮሞዞም 1 ጎን ለጎን ተሰልፈው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። መሰለፊያቸው ተመሳሳይነት ነው። ጸሐፊ ሲገለብጥ ያለቀበትን ቃል ይዞ ዓይኑን ወደ መጽሐፉ ይመልሳል። ያው ቃል ታች ደግሞ ካለ፣ ዓይኑ ወደ ታችኛው ይዘልና መሐል ያለው አንቀጽ ይቀራል። ወይም ወደ ላይኛው ይመለስና አንቀጹን ሁለቴ ይጽፈዋል። በ1ኪው21.1 የሚሆነው ይኸው ነው። በዚህ ጠርዝ ያለው ድግግሞሽ በዚያኛው ጠርዝ ካለው ጋር ይሰለፋል። ሲለዋወጡ አንዱ ቁራጩን ያጣል፤ ሌላው ትርፍ ይይዛል።

የሳንታ ክሩዙ ቡድን የእንዲህ ዓይነት ሰዎችን ዲኤንኤ ሲያይ ክሮሞዞሙ የሚሰበረው እነዚሁ ጂኖች ባሉበት ላይ ወይም አጠገባቸው ሆኖ አገኘው። ቁጥራቸውም አብሮ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ጂኑ ተባዝቶ አንጎላችንን ያሳደገበት መንገድና እነዚህ ልጆች ቁራጭ የሚያጡበት መንገድ አንድ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አልመጣም። የሰው ልጅ ሁሉ ያገኘውን ጥቅም ዋጋውን ጥቂት ቤተሰቦች ይከፍሉታል፤ እኔ ጉዳዩን የማየው እንዲህ ነው።

ሁሉንም በአንድ ጂን ላይ መጫን ግን ስህተት ነው። ቁራጩ ውስጥ ሌሎች ጂኖችም አሉ። ከልብ ምት ጋር የሚገናኝ አንድ ጂን እዚያ ነው፤ አንዳንድ ልጆች ከልብ ችግር ጋር የሚወለዱትም በእሱ ሳይሆን አይቀርም። ቁራጩ የጎደላቸው ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ የመያዝ እድላቸው ከሌላው ከፍ ይላል፤ ትርፍ ባላቸው ላይ ኦቲዝም ይበዛል። ይህ ሁሉ የኖች2ኤንኤል ሥራ ነው የሚል ማስረጃ የለም። የጭንቅላቱን መጠን በተመለከተ ግን ተጠርጣሪ ቁጥር አንድ እሱ ነው።

በ2019 ደግሞ ሌላ ዜና መጣ። የጃፓንና የቻይና ተመራማሪዎች በአዋቂነት የሚጀምር አንድ የነርቭ በሽታ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ለዓመታት ሲፈልጉ ኖረዋል። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እግር ይዝላል፤ አእምሮ ይደክማል። ረጃጅም የዲኤንኤ ቁራጮችን በአንዴ የሚያነቡ አዳዲስ መሣሪያዎች ሲመጡ መልሱ ተገኘ። ከሦስቱ አንዱ፣ ኖች2ኤንኤል ሲ፣ መጀመሪያው ላይ ሦስት ፊደሎች ይደጋገሙበታል። በሌላው ሰው ድግግሞሹ ጥቂት ነው። በሕሙማኑ ከ60 አልፎ መቶዎች ይደርሳል። የቀደሙት መሣሪያዎች ይህን ማየት ያልቻሉት ሦስቱን ቅጂዎች ስለሚያምታቱ ነው። ያው የብራናው ችግር። የሰው ጂኖም (ከዋይ ክሮሞዞም በቀር) ያለ ክፍተት ተነቦ ያለቀው በ2022 ነው፤ እሱም የተነበበው ከሌላ የሞላር እርግዝና ከተገኙ ሴሎች ነው።

ቤተሰቡ ፊት

እኛ ዘንድ ልጅ ጭንቅላቱ አንሶ ወይም እድገቱ ዘግይቶ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ እናት ይዞራል። "እርጉዝ ሳለሽ ደንግጠሽ ነበር? ወድቀሽ ነበር? ምን በልተሽ ነው?" አለፍ ሲልም እርግማን ይባላል፤ ቡዳ ይባላል። ጎረቤት ሹክ ይላል። አማት ፊቷን ታጠቁራለች። እናትየዋ ያንን ዘጠኝ ወር ቀን በቀን እየቆጠረች ጥፋቷን ስትፈልግ ትኖራለች። ይህን ሳስብ ያመኛል። እዚህ የተጻፈውን ሁሉ ያነበበ ሰው የ1ኪው21.1 ጉድለት በድንጋጤም፣ በምግብም፣ በመውደቅም እንደማይመጣ ያውቃል። መሰለፉ የሚሳሳተው እንቁላሉ ወይም የወንድ ዘሩ ሲሠራ ነው፤ ማለትም ከእርግዝናው በፊት። የእናትም የአባትም ክሮሞዞም ሊሳሳት ይችላል። ቦታው እንዲሳሳት ያደረገው ድግግሞሽም ዛሬ የምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ የያዙት ነው።

ምርመራው ዛሬ በብዙ አገር ይሠራል። ደም ይወሰዳል፤ የጎደለና የተረፈ የዲኤንኤ ቁራጭ ይፈለጋል። በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ልጃቸው እድገቱ ሲዘገይ ይህ ምርመራ ሊታዘዝላቸው ይችላል። ወረቀቱ ላይ "1q21.1" (1ኪው21.1) የሚለውን ካዩ ሦስት ነገር ሐኪሙን ቢጠይቁ እመክራለሁ። የመጀመሪያው የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ ልጁ ምንም ባይታይበትም። ሁለተኛው የእድገትና የንግግር ክትትል ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ይጠቅማል። ሦስተኛው የወላጆች ምርመራ ነው። ከወላጆች አንዱ ቁራጩ የጎደለው ከሆነ በየእርግዝናው የማስተላለፍ እድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በሁለቱም ላይ ካልተገኘ ክስተቱ በልጁ የጀመረ ነው።

ይህ ሦስተኛው ምርመራ አንዳንዴ ለቤተሰቡ ያልተጠበቀ ነገር ይዞ ይመጣል። ተመሳሳይ ጉድለት አንዱን ልጅ በጣም ሲጎዳ ሌላውን ትንሽ ይነካዋል፤ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። ስለዚህ ውጤቱ ሲነበብ አባት ወይም እናት ያንኑ ቁራጭ ሳይኖራቸው ተምረው፣ ሠርተው፣ አግብተው፣ ወልደው እንደኖሩ የሚያውቁት በዚያ ቀን ነው።